በጾም የመጣ ዘፈን

በዛብሽ መበሳጨት የጀመረችው ገና ከቢቸና ስትነሣ ነው። የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ በሾፌሩና በአንድ የማር ነጋዴ መካከል ተጣብቃ፣ ጉንደ ወይንን እስኪያልፉ ድረስ የነጋዴው ክርን ጎኗን ሲደቁሳት፣ «ምናለ ይህ ፊልም በጥምቀት ሰሞን ቢመጣ» እያለች በሆዷ ትነጫነጭ ነበር። ቀጠሮውማ ለጥምቀት ሰሞን ነበር። የጤና ማስተማሪያ ፊልም ይዛ ከከተማ ከተማ የምትዞረው መኪና ግን ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬኗ እምቢ አለ፤ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጥር አለቀ፤ የካቲት ገባና ዐቢይ ጾም ተያዘ። አሁን ፊልሙ ሞጣ ደርሷል። የደረሰው ግን ካህናቱ ከበሮውን ሰቅለው፣ ጸናጽሉን ጠቅልለው ካስቀመጡ በኋላ ነው። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነበር።

በዛብሽ የሞጣ ልጅ ናት፤ በቢቸና ክሊኒክ ድሬሰር ሆና ትሠራለች። ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ በሽተኛው ሕመሙን እንዲረሳ ደግሞ ፊልም ታወራለታለች። ለሥልጠና አዲስ አበባ በቆየችበት ጊዜ ከምግቧ እየቀነሰች ሲኒማ ቤት ትገባ ነበር። የምትወደው ዘፈን ያለበትን ነው፤ የጦርነቱንና የፈረሰኛውን ፊልም ዞር ብላም አታየው። ከአየቻቸው ሁሉ ሦስቱን ለይታ ይዛለች፤ የትኛው እንደሚበልጥ የጠየቃት ሰው ደግሞ ቶሎ አይለቀቅም።

አንደኛው የአሜሪካ ነው። በአንድ ትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጣቢዎቹ በማንኪያና በድስት ክዳን እየመቱ ይዘፍናሉ። «ደስ ይላል፣ ግን አይቆይም» ትላለች በዛብሽ። «ወሬያቸውን አቋርጠው፣ ተሰልፈው፣ ዓይን ዓይንህን እያዩ ነው የሚዘፍኑት። እንግዳ የመጣበት ትምህርት ቤት ይመስላል።» ሁለተኛው የግብፅ ነው። ሙሽራዋ በጀልባ ስትወሰድ ዘመዶቿ በወንዙ ዳርና ዳር እየተከተሉ ያንጎራጉሩላታል። ዜማው አንጀት ይበላል፤ ግን አያልቅም። ወጥተሽ ወጥ አማስለሽ ብትመለሺ ሙሽራዋ እዚያው ጀልባ ላይ ናት።

ሦስተኛው፣ የሕንዱ፣ የልብስ አጣቢው ልጅ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ በዛብሽ መርፌውን አስቀምጣ ትቆማለች። ወንዝ ዳር አጣቢዎቹ እርጥቡን ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመቱት ጧ፣ ጧ ይላል። ልጅቱ አባቷን «ዛሬ ልብሱ ብዙ ነው» ትለዋለች። ይህ ወሬ ነው። ደግማ ስትለው ቃሉ ከልብሱ ምት ጋር ይገጥማል። ሦስተኛ ስትለው ዘፈን ሆኗል፤ መቼ ዘፈን እንደሆነ ያየ ሰው የለም። ወንዝ ሙሉ አጣቢ ይቀበላታል። ወደ መጨረሻው አባቷ በጎርፍ ከተወሰደ በኋላ ብቻዋን ወንዙ ዳር ትመጣለች፤ የእሱን ሸሚዝ ድንጋዩ ላይ እየመታች ያንኑ ዘፈን ቀስ አድርጋ ትዘፍነዋለች። ቃሉ አልተለወጠም፣ ዜማው አልተለወጠም። ሰው ግን የዚያን ጊዜ ነው የሚያለቅሰው። «ጥሩ ዘፈን ያለው ፊልም ማለት ይህ ነው» ትላለች። «መጀመሪያ የሳቅሽበት ዜማ መጨረሻ ላይ ያስለቅስሻል። ይህ ከሌለው ሠርግ ቤት መሄድ ይሻላል።»

ይህ ሁሉ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ለሌላ ሥልጠና አዲስ አበባ ወርዳ፣ ማታ ከባልደረቦቿ ጋር ስታንጎራጉር የሰማት የአንድ ቴያትር ቤት ሰው፣ «ከእኛ ጋር ነይ፤ ከፋሲካ በፊት ከመጣሽ ቦታ አለሽ፤ ከፋሲካ ካለፈ ግን ለሌላ ሰው ነው» አላት። እሷም የዋህ ናትና ሞጣ መጥታ ለአባቷ ተናገረች።

አባቷ መሪጌታ ሣህለ ማርያም የአቋቋም መምህር ናቸው። ማኅሌት ላይ መቋሚያ እንዴት እንደሚዘም፣ እግር መቼ እንደሚረገጥና መቼ እንደሚነሣ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። የልጃቸውን ነገር ከሰሙ በኋላ፣ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» አሉ። ልታስረዳ ስትሞክር አልጠበቋትም። «መድረክ ላይ ወጥተሽ ብትዘፍኚ በጊዮርጊስ ገዝቼሻለሁ» አሉና ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ግዝት ደግሞ የገዘተው ሰው በአፉ ካልፈታው የትም ቢሄዱ አብሮ ይሄዳል። በዛብሽ መርፌ ትወጋለች፣ ኪኒን ትሰጣለች፣ ስለ ተሐዋስያን ታስተምራለች፤ የአባቷ ግዝት ግን ያስፈራታል። ይህም ራሱ ያናድዳታል።

ለዚህ ነው የፊልሙን መኪና የሚነዳውን ደምለውን መለማመጥ የጀመረችው። ደምለው ሾፌርም፣ ፊልም አሳይም ነው። የወባውን ፊልም ለማየት ሕዝቡ እንዲሰበሰብለት፣ ከኋላ አንድ የጨዋታ ፊልም አስከትሎ ያሳያል። «የልብስ አጣቢዋን አምጣልኝ» ስትለው ወራት ፈጀባት። አባቷንም ለብቻቸው ለመነቻቸው። «አንድ ዘፈን ብቻ ይስሙልኝ። ከሰሙት በኋላ የፈለጉትን ይበሉ።» መሪጌታ ጢማቸውን ደባብሰው «እመጣለሁ» አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም።

ሞጣ ስትደርስ እሑድ ቀትር ላይ ነው። ደምለው የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስና በጋቢ እየሸፈነ ነበር። ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል፤ ከውጭ ጄኔሬተሩ ይንጣጣል። ደምለው ግን ፊቷን ማየት ፈራ።

«ምን ሆነሃል?»

«ግራዝማች ገብረ ሕይወት መጥተው ነበር» አለ። ግራዝማች የከተማው ሹም ናቸው። «በጾም ዘፈን አይሰማም ብለዋል።»

«ፊልሙን ከለከሉ?»

«ፊልሙንማ አልከለከሉም። ሲያወሩ ይሰማ፣ ሲዘፍኑ ድምፁ ይዘጋ ነው ያሉት።»

በዛብሽ መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። ቀጥሎ ነጠላዋን እያስተካከለች ግራዝማችን ፍለጋ ወጣች። ግራዝማች ከአዳራሹ በር ላይ ጭራቸውን ይዘው ቆመው ሕዝቡን ያስገባሉ፤ ገና ስትቀርባቸው የምትለውን ያወቁ ይመስላሉ።

«ግራዝማች፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ዋናውን ነገር የሚናገሩት ሲዘፍኑ ነው።»

«እንግዲያው በፋሲካ ይናገሩ» አሉ ግራዝማች።

«በፋሲካ መኪናዋ የለችም። እኔም…» አለችና ተወችው። ለእሳቸው ስለ ቴያትር ቤት ቢነግሯቸው ምን ይጠቅማል?

አባቷ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሲመጡ አየችና ሮጣ ደረሰችባቸው። መምህር ናቸው፤ እሳቸው አንድ ቃል ቢሉ ግራዝማች እምቢ አይሉም። ነገሩን አስረዳቻቸው። መሪጌታ እስክትጨርስ ሰሟትና፣ «ልክ ናቸው» አሉ። «ከበሮው በተሰቀለበት ወር ዘፈን ምን ያደርጋል?»

«አባቴ፣ ዘፈኑን ሊሰሙልኝ አይደል ወይ የመጡት?»

«እመጣለሁ ነው ያልሁሽ፤ መጣሁ። ካልተሰማ ምን ላድርግ?»

በዛብሽ ነጠላዋን ጎትታ ፊቷን አዞረች። ያን ሁሉ ወር ደምለውን የለመነችው፣ ያን ሁሉ መንገድ በነጋዴ ክርን የተደቆሰችው፣ ዲዳ ዘፈን ልታሳያቸው ነበር። ወደ ቢቸና የሚመለስ መኪና በዚያ ሰዓት ቢኖር ወዲያው ተሳፍራ ትሄድ ነበር። ስላልነበረ ገብታ ከአባቷ ጀርባ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የወባው ፊልም ታየ። ትንኟ ጥዝዝ ስትል ድምጿ አዳራሹን ሞላው፤ ትንኝ መቼም ጾም አታፈርስም። ስለ ረግረግና ስለ ኪኒን ብዙ ተነገረ። ቀጥሎ የልብስ አጣቢዋ ወንዝ አቡጀዲው ላይ ፈሰሰ።

ግራዝማች ከደምለው አጠገብ ወንበር አስመጥተው ተቀምጠዋል። የድምፁን ቁልፍ የሚያዞረው ደምለው ነው፤ የሚያዘው ግን የግራዝማች ጭራ ነው። ጭራው ከተነሣ ድምፅ የለም፤ ከወረደ አለ። ችግሩ ያ ፊልም ወሬውና ዘፈኑ እንዲያ በቀላሉ የሚለይ አለመሆኑ ነው። በዛብሽን ያስደነቃት እሱ ነበር፤ አሁን የገደላትም እሱ ሆነ። ልጅቱ «ዛሬ ልብሱ ብዙ ነው» ስትል ግራዝማች ፈቀዱ። ደግማ ስትል ተጠራጠሩ፤ ጭራው ግማሽ ድረስ ተነሣ። በሦስተኛው ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አምላክ ያሳያችሁ። ወንዝ ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ፣ እጁን አንሥቶ፣ ውሃውን እየረገጠ ያለ ድምፅ ይወዛወዛል።

ግራዝማች በዚህም አላበቁም። ስህተት እንዳይመጣባቸው ፈሩ መሰለኝ፣ ልጅቱ ስታለቅስ ጭራቸውን ያነሣሉ፤ አትክልት ሻጩ ሸቀጡን ሲጣራ ጭራቸውን ያነሣሉ። የልጅቱ እጮኛ «ወደ ከተማ ልሄድ ነው» ብሎ ሲሰናበታትም ቃሉን ስቦ ያዜመ ስለመሰላቸው አስዘጉት። በዛብሽ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች።

ከጎኗ የተቀመጡት ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በሐዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ባልቴት ናቸው፣ የእናቷ የድሮ ጎረቤት።

«ምስኪኖች» አሉ። «ሁሉንም ያዛቸው?»

«ምን ያዛቸው?»

«በሽታው ነዋ። ያ የወባው ነበር፤ ይህ ደግሞ ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ የሚይዘው መሆኑ ነው። አየሽ ያችን ልጅ እንዴት እንዳንዘፈዘፋት?»

«እማማ፣ በሽታ አይደለም። እየዘፈኑ ነው።»

«አፍ ይከፍታሉ እንጂ ምን ይዘፍናሉ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ። ቀጥለው ከፊታቸው ላሉት አስተላለፉ፤ ከፊታቸው ያሉትም ለሌላው። ወዲያው ግማሽ አዳራሽ ሰው ስለ ወንዝ ዳር ልክፍት በሹክሹክታ ያወራ ጀመር። አንዱ ጸበል ነው መድኃኒቱ አለ፤ አንዱ የለም ድሬሰሯ መርፌውን ይዛ መጥታለች አለ። በዛብሽ ተነሥታ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ይህን ፊልም አዲስ አበባ ላይ ያየች ዕለት እስከ ማደሪያዋ በእግሯ እያንጎራጎረች ነበር የሄደችው። ከዚያ ሁሉ የተረፈው ይህ ሆነ፤ ልክፍት።

ልትወጣ ነጠላዋን ስትሰበስብ ነው የአባቷን መቋሚያ ያየችው።

መሪጌታ መቋሚያውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ይዘውታል። የመቋሚያው ራስ ወደ ግራ ዘመም አለ፤ ወደ ቀኝ ዘመም አለ። በጾም ከበሮም ጸናጽልም በሌለበት ማኅሌቱ የሚቆመው በዚህ ነው፤ በመቋሚያ ዝማሜ ብቻ። መጀመሪያ እጃቸው የደከመ መሰላት። ወደ አቡጀዲው ዞር ብላ የልጅቱን እግር አየች። ልጅቱ ረገጠች፤ መቋሚያው ዘመመ። ልጅቱ ዞረች፤ መቋሚያው ጠበቃት፤ ስትመለስ አብሯት ተመለሰ። አባቷ ያለ አንድ ድምፅ፣ እግር እግሯን እያዩ፣ የልብስ አጣቢዋን ዘፈን ይዘውታል።

በዛብሽ እንደገና ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ፊልሙን አላየችም፤ ያየችው መቋሚያውን ነው። ይኸው ገባቸው፣ ይኸው ዛሬ ይፈቱኛል ትላለች። ልጅቱ የሟች አባቷን ሸሚዝ ይዛ ወንዙ ዳር ብቻዋን ስትመጣ ግራዝማች ጭራቸውን አነሡ። መሪጌታ መቋሚያውን እንደ ቀድሞው ዘመም ሊያደርጉ ጀምረው ያዙት። ቆዩ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው ዘመሙ። መጨረሻው ላይ መቋሚያው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጃቸው ግን አልለቀቀውም።

ሕዝቡ ሲወጣ ግማሹ መንገድ ላይ እየያዘ መድኃኒቱን ጠየቃት። በሽታ አይደለም እያለች፣ አንዳንዱን እየገፋች፣ አባቷን ተከትላ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ደረሰች። መሪጌታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እሷም ከእግራቸው አጠገብ ተቀመጠች።

«ያችን ልጅ ማን አስተማራት?» አሉ።

«አጣቢዋን? ከልጅነቷ ጀምራ ነው የተማረችው ይላሉ።»

«ያስታውቃል። እግሯ ሲነሣ አይቸኩልም። ያ ከኋላዋ ያለው ረጅሙ ሰውዬ ይስት ነበር፤ እሷ አልሳተችም።» መቋሚያውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ። «መጨረሻ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ያለችውን ነው መልሳ ያለችው። አረጋገጧ ያው ነው፤ አዘገየችው እንጂ አልለወጠችውም።»

በዛብሽ ዕንባዋ መጣ። በቢቸና ለስንቱ በሽተኛ ስታስረዳ ከርማ ግማሹ እንኳ ያልገባውን አባቷ ሳይሰሙት አገኙት። «ታዲያ ይፍቱኛ አባቴ።»

«ልፈታሽ ነበር የመጣሁ» አሉ።

«ምን ማለት ነው?»

«ጭፈራ መስሎኝ ነበር። የልጅ ነገር ነው፣ ሄዳ ትጨፍር፣ ሲሰለቻት ትመለሳለች ብዬ ነው ከቤት የወጣሁ። ድምፁን ብሰማ ኖሮ የባዕድ ዘፈን ነው ብዬ ፈትቼሽ እነሣ ነበር። ዝም ሲል ጊዜ ግን ከእግራቸው በቀር የማየው አጣሁ። ያ ጭፈራ አይደለም፤ ትምህርት ነው።»

«ትምህርት ከሆነማ ይሻላል እኮ!»

«አይሻልም» አሉ መሪጌታ። «ትምህርት የያዘው ሰው አይመለስም። እኔ ከአገሬ ከየጥኖራ ስወጣ ለአንድ ክረምት ነው ያልሁ። ከዚያ ደብረ ኤልያስ ሄድሁ፤ ከዚያ ሌላ መምህር አለ አሉኝ፤ ከዚያ ሌላ። እዚህ ሞጣ ስደርስ ጢም አብቅዬ ነበር። እናቴን አላየኋትም።»

በዛብሽ ደሟ ፈላ። አዳራሹ ውስጥ ያን ያህል የረገመችው የግራዝማች ጭራ፣ ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን መንገዷንም ዘግቶባታል። ያ ባለጭራ ሽማግሌ ባይኖር፣ ድምፁ ቢሰማ፣ አባቷ በዘፈኗ ቢስቁባት፣ አሁን የተፈታች ነበረች። ስለገባቸው አሰሯት።

«እንግዲያውስ ተገዝቼም ቢሆን እሄዳለሁ» አለች። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። መሪጌታ ግን አልተቆጡም፤ ይህን ቃል ድሮ የሚያውቁት ይመስላሉ።

«እናቴም ገዝታኝ ነበር» አሉ። «ተገዝቼ ነው የሄድሁ።»

«ማን ፈታዎት?»

«ማን ይፈታኛል? ስመለስ ሞታ ቆየችኝ። የንስሐ አባቴ ፈትቼሃለሁ ብለውኛል። እኔ ግን ከእሷ አፍ አልሰማሁም።»

ከጊዮርጊስ በኩል የሠርክ ደወል ተሰማ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፤ እሷ እንዳትነሣ በእጃቸው ከለከሏት።

«ሂጂ» አሉ። «አልከለክልሽም። ግዝቱ ግን እኔ ዘንድ ይቆይ። አሁን ብፈታሽ ለምን ትመለሻለሽ? ስትፈልጊው ልትፈቺ ትመጫለሽ።»

«ስመጣ ባላገኝዎትስ?»

«ቶሎ መምጣት ነው እንግዲህ» አሉና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ያዙ። በዛብሽ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ተፈቅዶላት ነው፣ ተከልክላ ነው? እያበሸቃት ከድንጋዩ ሥር ቀረች፤ ሂጂ እየተባለች የታሰረች ሰው ከእሷ በፊት አይታ አታውቅም።